ውሻዋ ዞር ስትል

ይህን ጠፍር ከአባትሽ ቆጥ ላይ አውርደሽ ስታመጪልኝ መጀመሪያ የሸተተኝ ቅቤው ነው። ይህን ያህል ዓመት አልለቀቀውም። አንቺ የበሬ መስሎሽ ነበር። የውሻ ነው፤ በቅቤ የማሸውም፣ አንገቷ ላይ የማስረውም እኔ ነበርኩ።

በአባትሽ ለቅሶ ላይ የድኩላውን ወሬ ሰምተሻል። ቁስለኛ ድኩላ ብቻውን ፈልጎ ያገኘ ጎበዝ አሉት። እኔ ጥጌን ይዤ ሰማሁ። ወንድሜ ነው፤ አልቅሼለታለሁ። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም።

ቤታችን ሁምቦ ነበር፣ ከኮረብታው ሥር። ዘንድሮ ኮረብታው ዛፍ ለብሶ ድኩላ ተመልሷል ይላሉ። ያኔ አባትሽ ሶዶ ሥራ ይዞ፣ ለበዓል መጥቶ ነበር። በቆሎ ሊበላ የወረደ ድኩላ አመሻሹ ላይ በጦር ወጋ። ቁስለኛ እስኪተኛ ይጠበቃል እንጂ ወዲያው አይከተሉትም። እሱ ግን እየጮኸ ሮጠና አባረረው።

ጠዋት አያትሽ ወገቡን ታሞ ደጅ ተቀምጦ፣ «ጠፍሩን ለልጅቷ ስጣት። አሮጊቷ ውሻ የምትሰማው እሷን ነው» አለው አባትሽን። ቀጠለና፣ «ዛሬ ካላገኘች ግን አፍንጫዋ አልቋል። ለእንግዳው እሰጣታለሁ፤ በር ትጠብቅለት» አለ። እንግዳው ከቦምቤ የመጣ ዘመዳችን ነበር።

ውሻዋ አትቸኩልም። ደም ስታገኝ ቆማ ዞር ትልና ታየኛለች፤ «አየሁልሽ» ካላልኳት አትንቀሳቀስም። ጤዛው እግሬን አርሶታል። አባትሽ ከኋላ ያጉረመርማል።

«ቁስለኛ የሚሻው ውሃ ነው። ሁለት አሮጊቶች ተገናኝታችሁ…»

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እሱ ወደ ወንዙ ወረደ፤ እኛ ሽቅብ ወጣን።

ድኩላውን ከአንድ ግራር ሥር ተኝቶ አገኘነው። ገና ይተነፍሳል። ሳይታረድ ከሞተ ሥጋው አይበላምና ጮኼ ተጣራሁ፤ አባትሽ እያለከለከ መጥቶ አረደው። ተሸክሞት ስንመለስ፣ ግቢው በር ሳንደርስ ቆመ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሶዶ የምትማሪው እኔ ቤት ተቀምጠሽ ነው፤ አትርሺ።»

አያትሽ ከድኩላው በፊት የጠየቀው ስለ ውሻዋ ነው።

«እሷማ ሽቅብ ሄዳ ዱካው ጠፋባት። እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለ አባትሽ።

አያትሽ ወደ እኔ ዞረ። «እውነቱን ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ተማርኩ። አስተማርኩም። ዛሬ የምበላው ጡረታ ከዚያች «አዎ» የመጣ ነው። አባትሽን ስወቅስ ይህንንም አብሬ እቆጥራለሁ።

እንግዳው በልቶ ሲነሳ አባትሽ፣ «ጠፍሩ ይቅር» ብሎ ፈታውና አንገቷ ላይ ገመድ አሰረላት። እንግዳውን ተከተለችው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ዞር ብላ አየችኝ። እንደ ልማዷ «አየሁልሽ» እስክላት ጠበቀች።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እንግዳው ገመዱን ሳበው።