ምስጥ የበላው የቀንድ አውጣዎች ስም

በመርሳ ከተማ ስለ ጥንት የባሕር ቀንድ አውጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አሁንም የለም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የጭነት መኪና ሾፌር ሳለሁ፣ መቀሌ አካባቢ ጭነት እስኪሞላ ሌላው ሾፌር ሲተኛ፣ እኔ ከኖራ ድንጋዩ መሀል ድንጋይ የሆኑ ዛጎሎች እለቅም ነበር። በጥምዛቸው ብዛት፣ በአፋቸው ቅርጽና መካከላቸው ላይ በሚቆመው ምሰሶ ለየኋቸው። በየካርቶኑ ስማቸውን ጻፍኩ። ስሙንም ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ከወልድያ የመጣ አንድ መምህር ዛጎሎቹን አይቶ፣ "አባባ፣ ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ፤ አንቱ ያስረዷቸዋል" አለኝ። ያንን ቀን ስጠብቅ ጦርነቱ ደረሰ።

ወደ ግራና ስንሸሽ ካርቶኖቹን እህል ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰው ማሽላውን ይቀብራል፤ አንተ ድንጋይ!" አለች ባለቤቴ።

"ማሽላ በየዓመቱ ይበቅላል።"

"እንግዲያው ሲርብህ ድንጋይህን ቆርጥም።"

ስንመለስ ምስጥ ካርቶኑንም ጽሑፉንም በልቶት ዛጎሎቹ ተደበላልቀው ጠበቁኝ። መምህሩ ቢመጣ የማሳየው ክምር ድንጋይ ብቻ ሊሆን ነው! ሰፌድ ላይ ዘርግቼ እንደ ምስር ለቀማ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንዱ ከእጄ ወድቆ ተሰነጠቀ። ሸንተረር ያለበት ቅርፊት ሲላቀቅ ከውስጡ ለስላሳ ጥምዝ ድንጋይ ወጣ። "ልሙጥ" ብዬ ሌላ ዘር ያደረግሁት ራሱ!

ለማረጋገጥ ከብርቱካን ማሳ የዛሬ ቀንድ አውጣ ባዶ ቅርፊት አምጥቼ ጭቃ ሞላሁበት።

"በስተርጅና ጭቃ መጫወት ጀመርክ?" አለች ባለቤቴ።

ሲደርቅ ቅርፊቱን ሰበርኩት። ጭቃው ልሙጥ ጥምዝ ሆኖ ቀረ፤ ምሰሶው የነበረበትም ቀዳዳ ሆነ። ሁለት ዘር ያልኩት አንድ ነበር፤ ልሙጡ ዛጎሉን የሞላው ደለል ነው።

መንገድ ሲከፈት መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ መጣ። ሁለቱን ዘር አንድ ካርቶን ውስጥ ማድረጌን አየና፣ "ስህተቱን ማን ነገረዎት?" አለኝ።

"ምስጥ" አልኩት።

እንግዲህ በዚያ ክፉ ዘመን አንድም ዛጎል ሳይጠፋብኝ አተረፍኩ። ያለ ጽሑፍ እንደገና ለየኋቸው። ሌላ ሰው ሳያርመኝ ራሴን አረምኩ። የተማሩ ልጆችን ጭቃ አስቦክቼ ቅርፊት አስሞላሁ። ባለቤቴም ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ቀድማኝ ምሰሶውን ታሳያለች፤ ይህም ለእኔ ይቆጠርልኝ።