በድራማው የሞትሁ ዕለት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ክረምቱ ወጥቶ ጣና ገና እንደደፈረሰ ነበር፤ ዓመቱን ግን አትጠይቁኝ።

ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ እንጀራዬ ጉሮሮዬ ነበር። ማለዳ ሰፈሩን እየዞርሁ ለዕድሩ ቀብር እለፍፋለሁ። ረፋዱ ላይ ሞንታርቦ በተጫነበት ባጃጅ የሱቅ ቅናሽ አስተዋውቃለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሬዲዮ ጣቢያ ገብቼ በድራማ ገበሬ ሽማግሌ እሆናለሁ። ጽሑፉን የጣቢያው ልጆች ያነቡልኛል፣ እኔ በቃሌ ይዤ እናገራለሁ። አንድ ጠዋት ቀብር ስጠራ አንዲት ሴት ከደጇ ብቅ ብላ፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ረከሰ?” አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ድምፄ ሻከረ፤ ቆየና ጨርሶ ጠፋ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን አይቶ፣ “አባባ፣ እንደ ድሮው የሚመለስልዎ አይመስለኝም” አለኝ።

ዕድሩ ሌላ ለፋፊ ያዘ። ባለባጃጁ ድምፄን አስቀድሞ ቀርጾት ኖሮ ያለ እኔ ይዞር ጀመር፤ ደጃፌ ድረስ መጥቶ ቅናሹን በራሴ ድምፅ ይነግረኛል። የሬዲዮ ልጆችም አፍረው፣ “አባባ፣ ሽማግሌውን ማሳረፍ ግድ ሆነብን” አሉኝ። በድራማው ሞትሁ። ለቅሶውንም አሳምረው አለቀሱልኝ።

በማግስቱ ቁርስ ሳልቀምስ ግቢዬ ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሰዎች ሞላ። በሬዲዮ “ሽማግሌው ዐረፉ” ሲባል ሰምተዋል፤ እኔም ከመንገድ ጠፍቻለሁ። አዲሱ ለፋፊ ሰፈሩን ገና አላወቀውምና ሳይጠራን ቀርቷል ብለው መጡ።

በሩ ላይ ቆሜ “አለሁ” ልል ሞከርሁ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። አንዷ ጮኸች። ጨርቅ የሚነግደው ሙስሊም ጎረቤቴ መሐረቡን ከዓይኑ አንስቶ፣ “አልሐምዱሊላህ! አንተ ሰው፣ እንባዬን መልስልኝ!” አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄም ድምፅ የለው።

ሲሄዱ ግቢው ጭር አለ። ሞቼ ቢሆን ሦስት ቀን ይቀመጡልኝ ነበር ብዬ አሰብሁ።

ድምፄ አልተመለሰም፤ አይመለስምም። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ ይመጣና ሐይቁ ዳር ወስዶኝ ይቀመጣል። ስለ ገበያው፣ ስለ ምራቱ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። እኔ የምመልሰውን ገምቶ እሱው ይመልሳል፤ አንዳንዴም በእኔ ፈንታ ከራሱ ጋር ይጣላል። ሥራ አላገኘልኝም፣ “ይሻልሃል” ብሎም አልዋሸኝም። ያን ጊዜ ያሳለፈኝ እሱ ነው፣ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ።