መልሱ ብቻ የቀረበት ካሴት

"ስለ ሙያህ ንግግር አድርግልን" ብለው ይጋብዙኛል። አልሄድም። አንድ ጊዜ ሄጄ በቅቶኛል። ካርቱም ውስጥ ነው፤ ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ የሚዘልቅ አዳራሽ፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች፣ መድረኩ ላይ ደግሞ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ "ዓለምን እንለውጣለን" የሚል ጮሌ። የሠራው ነገር ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልገባኝም፤ ሰው ግን እጁ እስኪቀላ አጨበጨበለት። ከመድረኩ ሲወርድ ከገዳሪፍ የመጣሁ ስደተኛ መሆኔን ነገሩት። ትከሻዬን አቀፈና አብሮኝ ፎቶ ተነሣ። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም።

ያኔ ናቅሁት፣ አለፈ። ዛሬ የሚሰማኝ ግን መጸየፍ ነው። "ማኅበረሰባችን"፣ "ጉዟችን"፣ "አስደሳች ዜና" የሚሉ ቃላት ከኮምፒውተር ሰዎች አፍ ሲወጡ፣ የሻገተ ወጥ እንደቀረበለት ሰው ፊቴን አዞራለሁ። ምን አድርገውህ ነው ለሚለኝ፣ መልሴ የእናቴ ካሴት ነው። እናቴ ለታላቅ እህቷ አንድ ቃል ገብታለች። እህቷ ሞታለች። ምን ልታደርግላት ቃል እንደገባች ግን እናቴ አታውቅም። ያንን የሚነግራትን ድምፅ የጣሉት እኔ እንጀራዬን የምበላበት ሙያ ሰዎች ናቸው።

ከሥሩ ልጀምር። ወላጆቼ በጦርነቱና በረሃቡ ዘመን ድንበር ተሻግረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሲገቡ እኔ የምታዘል ሕፃን ነበርኩ። አክስቴ፣ ማለትም የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከጎንደር ወደ መተማ መውረጃ ባለችው መንደራቸው ቀረች። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤ ማስጻፍ ደግሞ አይወዱም፤ የቤታቸውን ጉድ ሁሉ ጸሐፊው ሊሰማ ነው። ስለዚህ የሚነጋገሩት በካሴት ነበር። ካሴቷ አንዲት ናት። ሰሊጥ ሊያጭዱ በሚመጡ የአገር ልጆች እጅ ትመጣለች፣ ትሰማለች፣ መልሱ እዚያው ላይ ይቀዳባትና አጫጆቹ ሲመለሱ አብራ ትሄዳለች።

ሌላ ካሴት ጠፍቶ አይደለም። ካሴት ሳይመልሱ ማስቀረት በኛ ሰፈር ነውር ነው። የላክሽላት ካሴት መልስ ይዞ ከመጣ እህትሽ ሰላም ናት ማለት ነው። ካልመጣ ወይ ተቀይማለች፣ ወይ ሞታለች። ደግሞም መልሱ ሲቀዳ የፊተኛው ንግግር ይጠፋል። አጠር ያለ መልስ ቢሆን እንኳ አሮጌ ወሬ ከአዲስ እንዳይቀላቀል ቀሪውን ባዶውን ያስቀዱታል፤ ቴፑ ማጀት ውስጥ ብቻውን እየዞረ የጎረቤት ፍየልና የጋሪ ድምፅ ይሞላዋል።

ስለዚህ ደንብ ነበራቸው። መላሿ ጥያቄውን ደግማ ሳትናገር መልስ አትሰጥም። እናቴ ያንን ካሴት ወዲያ ወዲህ እየመለሰች ቃል በቃል እስክትይዘው ትሰማና፣ ከዚያ ቴፑ ፊት እንደ ዳኛ ፊት ቁጭ ብላ ትጀምራለች። "ቀይዋ ላም ወለደች ወይ ብዬ ጠይቄሽ፣ ወልዳለች ብለሽኛል፤ እሰይ። ልጅሽ ትምህርት ገባ ወይ ብለሽኛል፤ ገብቷል፣ ግን ያስቸግረኛል።" እኔ በር ላይ ቆሜ ድምፅዋን እያስመሰልኩ እስቅባት ነበር። እሷ ደግሞ ቀጂውን ሳታቆም "ይኸውልሽ፣ አሁንም እያስቸገረኝ ነው" ብላ ትከሰኛለች።

ካደግሁ በኋላ ገበያው ዳር የተከፈተ የኢንተርኔት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ለመድሁ። ከመጠገን አልፌ ፕሮግራም መጻፍ ቻልሁ፤ ለእህል ነጋዴዎችና ለመሽሩዕ፣ ማለትም ለእርሻ ልማት፣ ቢሮዎች መሥራትም ጀመርሁ። ብሎግ የከፈትሁት ያኔ ነው። አልዋሽም፣ እወደው ነበር። በአማርኛ ስለ ሙያዬ እጽፋለሁ፦ አቧራ ኮምፒውተርን እንዴት እንደሚገድል፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚበላሽ ሥራ እንዴት እንደሚያናድድ፣ ግዕዝ ፊደል ማስገባት ምን ያህል መከራ እንደሆነ። አንባቢዎቼ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንዱ መፋዛ የሚኖር የአገሬ ልጅ ነበር፤ በጻፍሁ ቁጥር "ይኸኛው ረዝሟል" ብሎ አስተያየት ይሰጠኛል። ረዝሟል እያለ ግን እስከ መጨረሻው ያነበዋል።

የዚያን ጊዜ ብሎግ እንዴት እንደሚጻፍ የሚሰብኩ ሌሎች ብሎጎችም ነበሩ። አሳጥር ይላሉ። ርዕስህ ሰው የሚያስደነግጥ ይሁን ይላሉ። ስለ ራስህ የሚያስለቅስ ነገር አስቀድም ይላሉ። ሰውን እንደ ዓሣ በመንጠቆ ስለመያዝ የሚያስተምሩ ናቸው፤ ስለሚነገረው ነገር ግን አንድ ቃል የላቸውም። እነሱን እያነበብሁ የተሰማኝ ኀፍረት አሁንም ድረስ አልለቀቀኝም።

ብሎጉን ያስቀመጥሁበት ድርጅት የውጭ አገር ነው። ጽሑፍም ፎቶም ድምፅም በነፃ ያስቀምጣል። መግቢያው ላይ በትልቁ "ትዝታዎ ለዘላለም ከእኛ ጋር" ይላል። ለእናቴ ስተረጉምላት አማተበች። "ለዘላለም?" አለችኝ። "እነሱ ማን ናቸው?"

አንድ የአጨዳ ወቅት የአክስቴ ካሴት መጣ። ከሌላው ጊዜ ሁሉ የረዘመ ነበር፤ ሁለቱንም ፊት ሞልታዋለች። አርጅታለች፣ ድምፅዋ ሻክሯል፣ ቁጣዋ ግን እንዳለ ነው። "አንቺ፣ ባለፈው ድምፅሽ ቀጥኖብኛል፣ አትበይም እንዴ?" ብላ ነው የጀመረችው። እናቴ ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች። "ይችን እንኳ ባላጠፋኋት" አለች። ካሴቷን ማስቀረት አይቻልም፤ እህቷ ምን ሆናብኝ ነው ትላለች። እኔም መላ አገኘሁ። ቴፑን ተሸክሜ ኢንተርኔት ቤት ሄድሁ፣ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁትና ድምፁን ገለበጥሁት። የእህትማማች ወሬ ነው ብዬ ጆሮዬን አልሰጠሁም። ከዚያ እናቴ ብቻ እንድትከፍተው አድርጌ ብሎጉ ላይ መጫን ጀመርሁ። ሙሉ ቀን ፈጀ። የቤቱ ባለቤት፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ የአገራችን ልጅ፣ "ያ አኺ፣ ኸላስ! በቃ ወንድሜ፣ ኔቱን አንቀህ ገደልከው" እያለ በላዬ ላይ ይመላለሳል።

እናቴን ወስጄ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። እህቷ ስትቆጣት ሰማችና ማያ ገጹን በመዳፏ ዳበሰችው።

መልስ ስትቀዳ ግን ደንቡን ተወችው። ካሴቷን አንዴ ሰማቻት እንጂ እንደ ድሮው ደጋግማ አልሰማችም፣ ጥያቄዎቹንም አልደገመችም። "ልጄ አስቀምጦልኛል አይደል? ስፈልግ እሷን እሰማታለሁ፤ ምን አደከመኝ" አለች። መልሱን ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ ተናገረች። ስትጨርስ የቀረውን ቴፕ እንደ ልማዷ ባዶውን አስቀዳችው። ካሴቷ ከአጫጆቹ ጋር ተሳፈረች።

ከዚያ በኋላ እናቴ አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ቤት ትመጣለች። ኔቱ ደካማ ስለሆነ ድምፁ ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቆማል። የምትሰማው ሰላምታውንና ቁጣውን ብቻ ነበር፤ እሱም ይበቃት ነበር። "ዘላለም ካለው ምን አጣደፈኝ" ትላለች።

በክረምቱ ለሥራ ፋው ወደምትባል ከተማ ሄድሁ። ክረምት ላይ ያ ጥቁር አፈር እንዴት እንደሚይዝ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪና ገብቶ አይወጣም። ኔትም አልነበረም። መንገዱ ደርቆ ገዳሪፍ ስመለስ ኢሜይሌን ከፈትሁ። "አስደሳች ዜና አለን!" ይላል። ድርጅቱን ሌላ ትልቅ ድርጅት ገዝቶታል። አብራችሁን ስለተጓዛችሁ እናመሰግናለን፣ ይህ ምዕራፍ ግን ተዘግቷል፣ ዕቃችሁን እስከ ወሩ መጨረሻ ውሰዱ ይላል። ወሩ አልፎ ነበር። ብሎጌን ስከፍት ነጭ ገጽ መጣልኝ። ከኢሜይሉ ሥር የባለቤቶቹ ፎቶ አለ፤ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ ብርጭቆ ያጋጫሉ።

አስደሳች! የሰውን ሬሳ ሳይቀብር ሠርግ የጠራ ሰው ምን ይባላል? እኔ የምጽፈው ስለ አቧራና ስለ መብራት ነበር፣ እሱ ይጥፋ፣ ገደል ይግባ። አንዲት አሮጊት ግን ዘላለም ብለዋት አምናቸዋለች። ለሙያ ጓደኞቼ ስነግራቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይሉኛል፦ ለምን ሌላ ቅጂ አልያዝክም? የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር ቫይረስ በያዘው ቁጥር እየተጠረገ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ከዚያ ምን ይገኛል? ደግሞስ ይህ ምን ዓይነት ሙያ ነው? አናጢ የሠራው ወንበር ተሰብሮ ብትወድቅ "ለምን ሌላ ወንበር ይዘህ አልመጣህም" ይልሃል? የኛ ሰዎች ይሉሃል፤ ብለውህም አያፍሩም።

ለእናቴ ነገርኋት። እምብዛም አልከፋትም። "እሷ ካለች ሌላ ትልካለች" አለች።

በዚያ አጨዳ ካሴቷ አልመጣችም። በሚቀጥለው መጣች። የያዛት የመንደራቸው ልጅ እናቴ እጅ ላይ አስቀመጣትና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ። እናቴ ደስ ብሏት ቴፑ ውስጥ ከተተቻትና ተጫነችው። የወጣው የገዛ ራሷ ድምፅ ነበር። እንደገና አስጀመረችው፤ አሁንም የራሷ ድምፅ ነው። ያኔ ገባት። እህቷ አልመለሰችም፤ ሞታለች። ልጁ በአፉ መናገር አቅቶት የሸሸው ይህንን ነበር። እናቴ ቴፑን ሳታጠፋ ጮኸች። ጎረቤት ደርሶ እሷን ሲይዝ ካሴቷ መዞሯን አላቆመችም፤ የዱሮዋ እናቴ ተረጋግታ ትናገራለች።

ከኀዘኑ በኋላ በየቀኑ ታደምጠው ጀመር። "እበላለሁ" ይላል ድምፅዋ። እሷም ቴፑን አቁማ በእህቷ ቁጣ "አትበይም እንዴ?" ትላለች፤ ከዚያ ታስቀጥለዋለች። "የለም፣ አላስቀየመኝም" ይላል፤ ስለ ባሏ ወንድም እንደሆነ ታስታውሳለች። እንዲህ እያለች የእህቷን ጥያቄ ከራሷ መልስ ተነሥታ አንድ በአንድ ታስታውሰዋለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ይለወጣል። "እሺ እህትዓለም። እንዳልሽው አደርጋለሁ። ቃሌ ነው፣ አታስቢ።" ከዚህ በኋላ የሚሰማው ፍየልና ጋሪ ነው።

"ምን ብላኝ ነው እሺ ያልኋት?" አለችኝ። እኔ ከየት አውቄ! አሰበች፣ አሰበች፣ አልመጣላትም። ስለ ልጇ ይሆናል ብላ የአክስቴን የመጨረሻ ልጅ አስመጥታ ከኛ ጋር አኖረችው። ስለ ተዝካሯ ይሆናል ብላ ተዝካሯን አወጣች። እናታቸው መቃብር ላይ አጥር ይሠራ ብላኝ ይሆናል ብላ አሠራች። አንዱንም ባደረገች ቁጥር ካሴቱን ታስጀምርና "እሺ" የምትልበት ላይ ጆሮዋን ትደቅናለች። ከዚያ ራሷን ትነቀንቃለች። "ይኸ አይደለም" ትላለች። "ቃሌ ነው ያልሁት በምክንያት ነው። እዚያ ስደርስ ምን እላታለሁ?"

አንድ ቀን "ለነዚያ ሰዎች ጻፍላቸው" አለችኝ። አይሆንም፣ ጥለውታል ብላት አልሰማችኝም። "የጣሉበትን ያውቁ ይሆናል። ድምፁን ይተዉት፣ ያለችኝን ብቻ ይንገሩኝ።" አጠገቤ ተቀምጣ እያየችኝ ድርጅቱን ለገዙት ሰዎች ጻፍሁ። የምትለውን አንድም ሳላስቀር ተረጎምሁ። ላክሁት። መልሱ ዓይን ሳይርገበገብ መጣ። እናቴ ደነገጠች። "አገኙት?"

"አላገኙትም፣ እማዬ። በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል ነው የሚሉት። ኮከብ ስጡን ይላሉ።"

"እሷ ያለችኝንስ?"

"ስለሱ ምንም አላሉም።"

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ማያ ገጹ ተጠጋች። ባዶዎቹን ኮከቦች አየቻቸው።

"ስጣቸው እንግዲህ" አለችኝ።

"ይኸን የሚልከው ማሽን ነው፣ ሰው አያነበውም።"

"ቢሆንም ስጣቸው። ደስ ካላቸው ይነግሩኝ ይሆናል።"

አምስቱንም ኮከብ ሰጠኋቸው። እናቴ እጇን አጣጥፋ መልሱን መጠበቅ ጀመረች።