ለእንግዳ የተሰጠው ካርድ

ትናንት ግሬፕቫይን ከተማ ውስጥ አንድ የቤዝቦል ካርድ ፓኬት ስቀድ፣ የአዲስ ካርቶንና የቀለም ሽታው ሮውሌት ከተማ ወዳለው የልጅነት ሳሎናችን መለሰኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የእኛን የአርሊንግተኑን ቡድን ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸውን ካርዶች እሰበስብ ነበር፤ ከሁሉም የምሳሳው ለኳስ ወርዋሪው ካርድ ነበር። ከሂውስተን ከእናቱ ጋር በእንግድነት የመጣው የእናቴ ጓደኛ ልጅ፣ ናሆም፣ እሱኑ አነሳ።

"ይሄን ልውሰደው? ትምህርት ቤት በሌላ ካርድ ትሬድ አደርገዋለሁ" አለ። "ለነገሩ የእናንተ ቡድን ሁሌ ሉዝ ነው የሚያደርገው።"

እናቴን አየኋት።

"ስጪው፣ ልጄ። የእንግዳ ዓይን ያረፈበት ነገር ለባለቤቱ አይሆንም" አለች። ምን ማለቷ እንደነበር ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

"ፕላስቲክ ውስጥ ላድርግለት" ብዬ መኝታ ቤት ገባሁ። ካርዱን መሃል ለመሃል አጠፍኩት፤ ከዚያ ዘርግቼ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተትኩት። የታጠፈ ካርድ ማንም እንደማይቀይር ናሆምም ያውቃል።

መስኮቱ ጋ ወስዶ ሲያየው፣ የእጥፋቱ ነጭ መስመር የወርዋሪውን አንገት ቆርጦት አልፏል።

"ታጥፏል" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

"አመሰግናለሁ በላት እንጂ" አለችው እናቱ።

አመሰገነኝ።

በጋዜጠኝነት ዘመኔ ለብዙ ስህተቶቼ እርማት ጽፌያለሁ። ያንን ካርድ ግን ዛሬም ቢሆን አጥፌ ነው የምሰጠው።