የመጠባበቂያው ውሃ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ሰው በኋላ ነው የታየኝ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በሰው ጀርባ ወዝ ጠቁሯል። ከዚያ በላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም እኔ ሳልወለድ የተቀባ ይመስላል። ማጋነን ልማዴ ነው፤ ይህን ግን ሳላጋንን ልናገር፦ እዚያ ቤት አንዱ ጎኑን ሲቀይር ጥግ ያለውም አብሮ ይቀይራል።

"ጫማህን አውልቅ። ቁምና ጉዳይህን ተናገር" አለኝ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠ ግዙፍ ሰው። ካቦው ነበር፤ እስረኛው ራሱ መርጦት ክፍሉን የሚያስተዳድር። ውጭ ሳለ ሰርቦ ላይ የቡና ደላላ ነበር። አዲስ ገቢ ቆሞ ጉዳዩን ሳይናገር መቀመጫ አይሰጠውም፤ የቤቱ ደንብ ነው።

ቆሜ ተናገርኩ። የወረዳው የእቅድና የበጀት ባለሙያ ነኝ። በሰኔው የበጀት ውይይት ላይ፣ አዳራሽ በሞላ ሕዝብ ፊት አንድ ሽማግሌ ተነስተው "ዓምና ለቀበሌያችን የያዛችሁት የንጹሕ ውሃ በጀት የት ደረሰ?" ብለው ጠየቁ። ኃላፊዬ እንድመልስ ወደ እኔ አየ። የመሥሪያ ቤቱ መልስ "በጀቱ ተዘዋውሯል" የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። "ሐጂ፣ ውሃው መኪና ሆኖ ደጅ ቆሟል፤ ሲወጡ ያዩታል" አልኩ። አዳራሹ ቆርቆሮው እስኪነሳ ሳቀ። ሳቁ ሰኮሩ ከተማ ድረስ ተሰምቷል ብል የሚከራከረኝ አይኖርም። ወዲያው "ሕዝብ በማነሳሳት" ተብዬ ተያዝኩ።

ክፍሉም ሳቀ። ከወዲያ ጥግ ግን አንድ የማውቀው ድምፅ "ኢሱማ! እሱ ነው! እሱው ራሱ!" አለ።

ሽማግሌው ነበሩ፤ ቀድመውኝ ገብተዋል።

"ሐጂ! እርስዎን ደግሞ በምን ያዙዎት?"

"በሳቅ" አሉ። "ሰው ሁሉ ሲያቆም እኔ ማቆም አቃተኝ። አላህ ይይልህ፣ አንተ ነህ ያሳቅከኝ።"

የዚያ ቤት ጭንቅ ውሃ ነበር። የግቢው ቧንቧ ተበላሽቶ በቀን አንድ ቢጫ ጀሪካን ብቻ ጠዋት ይገባልናል። የጅማን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አያነጋግረንም፤ እኛ ከሥሩ ከንፈራችን ተሰንጥቆ እናዳምጠዋለን። ጀሪካኑን የጣራው ፍሳሽ ሥር አስቀምጥልን ብለን ጠባቂውን ለመንነው። "እንዲህ የሚል መመሪያ የለም" አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መመሪያ የሌለው ሰው ነበር።

ጀሪካኑ ሲገባ በሩ አጠገብ ያሉት ይጠጣሉ። ጥግ ጋ ያሉት፣ ሐጂና ከደቡብ ለቡና ለቀማ መጥቶ ወባ የጣለው አንድ ጴንጤ፣ የሚደርሳቸው አተላው ነው። ሐጂ ያቺኑም ለውዱእ ያፈሷታል።

በማግስቱ ጠዋት ካቦው ጀሪካኑን እግሩ መሐል አድርጎ ጠራኝ። "አንተ ፕላን! ደመወዝ ስትበላበት የነበረ ሙያ አይደል? በል በጅትልን።"

"ማሎ፣ እባካችሁ ተዉ!" አሉ ሐጂ። "ይሄንንም መኪና ያደርግብናል።"

በጀትኩ። ወረዳው ውስጥ ስንት የሕዝብ ውይይት አዘጋጅቻለሁ፤ ሕዝቡ አበሉን ጠብቆ፣ አጨብጭቦ የሚሄድበት። እንደዚያ ጠዋት ያለ ውይይት ግን አይቼ አላውቅም። አንድ የፕላስቲክ ኩባያ መለኪያ ሆነ። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል፣ ለበሽተኛው ጭማሪ አልን። ለውዱእ ስንት ይሁን ስል ሐጂ አቋረጡኝ።

"ለውዱእ ብላችሁ የማንንም ጉሮሮ አታድርቁ። ውሃ ሲጠፋ በአፈር ይሆናል። ዲናችን ገር ነው።"

"ሐጂ፣ ከእኔ ጭማሪ ላይ ይውሰዱ" አለ ጴንጤው እየተንቀጠቀጠ።

"አንተ ዝም ብለህ ጠጣ! ጌታህም ጠጣ ነው የሚልህ።"

ከዚያ እኔ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ለብቻው አስቀመጥኩ። "ይሄ መጠባበቂያ ነው" አልኩ።

ጩኸት ሆነ። "ለምን የሚሆን?" አለ ካቦው።

"ላልታሰበ ነገር።"

"እዚህ ምን ያልታሰበ ነገር ይመጣል? ከዚህ በላይ ምን ልንሆን ነው?"

እውነቱን ነገርኳቸው። በሥራ ዘመኔ በየዓመቱ መጠባበቂያ ይያዛል፣ በየዓመቱ ከሁሉ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ለስብሰባ፣ ለእንግዳ፣ ለበግ። ቀበሌው ውስጥ ድልድይ ሲፈርስ መጠባበቂያው የለም። "አንድ ጊዜ፣ እዚህም ቢሆን፣ ሳይነካ ሲቀመጥ ልየው" አልኩ።

ካቦው "ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው" አለ። "እስከ ማታ ከቆየ ነገም ትበጅታለህ። ከተነካ ግን ወደ ድሯችን እንመለሳለን፤ በር ጋ ያለው ይጠጣል።" ጠርሙሱን እንድጠብቅም አጠገቡ አስቀመጠኝ።

ጴንጤውን ያተኩሰው ነበር። የነገ ድርሻው በዚያ ጠርሙስ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው፤ የሚያየው ግን ጠርሙሱን ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ሳላጋንን፣ የጠርሙሱን ውሃ ከክዳኑ በታች ስትንቀሳቀስ እሰማት ነበር። ከሌላው ይልቅ ከራሴ መጠበቋ ይከብድ ነበር።

በሩ ተከፈተና አንድ ሰው ተገፍቶ ገባ። ቀበቶ የለውም፤ የጫማው ማሰሪያ ተፈቷል። ኃላፊዬ ነበር! ከላይ የመጡ ገምጋሚዎች ጠዋት ከቢሮው አውጥተው ሲመረምሩት ውለዋል።

"ቁምና ጉዳይህን ተናገር" አለ ካቦው።

"እኔ በስህተት ነው" አለ።

"እዚህ ያለን በሙሉ በስህተት ነን። ቀጥል።"

ከንፈሩ በጥም ነጭ ሆኗል። አልለመነም፤ ዓይኑ ብቻ ጠርሙሱ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቀጥሎ እኔን አየ።

"አንተ... እዚህ ነህ?"

"እርስዎ አይደሉ ያስገቡኝ፣ ረሱት እንዴ?" አልኩት። ምላሴ አላረፈችም። "ይቅርታ፣ ጌታዬ፣ ውሃ የለም። በጀቱ ተዘዋውሯል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሕይወቴ ከቀለድኩት ሁሉ ጥሩው ቀልድ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይመስለኛል። ያን ሁሉ ሳቅ በሳቁት ሐጂ ፊት ላይ ግን ምንም አልነበረም።

"ልጄ፣ መጠባበቂያ ለምን ነበር ያልከን?"

"ላልታሰበ ነገር።"

"ይሄ ሰውዬ ይመጣል ብለህ አስበህ ነበር?"

"ወላሂ፣ አላሰብኩም።"

"እንግዲያስ ምን ትጠብቃለህ? የሱ ነው።"

ሳቁ ቆመ። ወደ ካቦው ዞርኩ። "እኔን አትየኝ፤ የበጀትከው አንተ ነህ። ለሚገባው ከወጣ አልተነካም" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ተነሳሁ። ኩባያውን ሞልቼ፣ በግራ እጄ ቀኝ ክንዴን ደግፌ፣ ቤቴ እንደመጣ እንግዳ አቀረብኩለት። እስኪጨርስ ኩባያውን ከሥሩ ያዝኩለት። ሲጨርስ ሐጂን አያቸው።

"አባቴ፣ የየትኛው ቀበሌ ነዎት?"

ነገሩት። አንገቱን ደፋ። ቢሮው እንዳለ ሁሉ፣ "መንገድ ይገባል?" አለ።

"መኪናማ ይገባል" አሉ ሐጂ። "ውሃ ነው የቀረው።"

ያኔ መጀመሪያ የሳቀው ኃላፊዬ ራሱ ነው፤ እየሳለ። ካቦው ከእኔ አጠገብ ቦታ አሳየው። በነጋታው ጀሪካኑ ሲገባ እኔ በጀትኩ፣ ኃላፊዬ ኩባያውን ይዞ አደለ፤ መጀመሪያ የሰጠውም ለጴንጤው ነው።

ሁላችንም በየተራችን ወጣን። ዛሬ ቦሳ አዲስ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ወደ በጀት ሥራ የሚመልሰኝ አልተገኘም፣ እኔም አልፈለግኩም። ሐጂ ጋ ውሃው እስካሁን አልደረሰም። በየሰኔው ግን አዳራሹ መሐል ተነስተው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንዳንዴ ከኋላ ተቀምጬ አዳምጣቸዋለሁ፤ የሚመልስላቸው ወጣት ባለሙያ ሲያልበው እያየሁ ምላሴን እነክሳለሁ።

ቤቴ ጓዳው ጥግ አንድ የውሃ ጠርሙስ ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጣል። ቧንቧችን ደህና ነው፤ ውጭም ይዘንባል። ባለቤቴ ወለል ስትጠርግ እያነሳች "ይሄን ለማን ነው የምታስቀምጠው?" ትለኛለች።

"እስካሁን አላሰብኩትም" እላታለሁ።