መስኮት የተዘጋበት ምዘና

ቦንጋ የተመደብኩት ለሁለት ዓመት ነው ተብዬ ነበር። ስድስተኛው ዓመት ሲጋመስ የዝውውር ማመልከቻዬን የሚቀበለኝ ሠራተኛ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ መሳቅ ጀመረ። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛው የብረታ ብረት መምህር ነበርኩ። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ በየሩብ ዓመቱ የሚቀያየረው የሪፖርት ፎርም፣ ሁሉም እጅ እጅ ብሎኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ ማሽን መጣልን። እሳት የለውም፣ ከሰል አይበላም። ውስጡ ውሃ የሚዘዋወርበት የመዳብ ቱቦ እንደ ፍራሽ ሞላ ተጠምዟል፤ ብረት መሃሉ አስገብተው ፔዳሉን ሲረግጡ፣ መዳቡ ሳይቀላ ብረቱ ብቻ ከራሱ ውስጥ ይግላል። ኢንዳክሽን ይባላል። የትኛው ብረት ስንት ሰከንድ መቆየት እንዳለበት የሚናገር ሠንጠረዥ አብሮት ስለመጣ ተርጉሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሠንጠረዡ የተሠራው መብራት ከፍ ዝቅ ለማይልበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ኃይሉ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይደክማል፤ ሰከንዱ አንድ ቀን እንኳ ልክ መጥቶ አያውቅም። ይህን አውቅ ነበር። ማን ይነካካዋል ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ጠዋት ከዋጫ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ለብቃት ምዘና መጡ። ደንቡ መዛኝ ከሌላ ቦታ ይምጣ ይላል፤ በክረምት ግን በዚያ መንገድ የሚመጣ ስለማይገኝ እኔው እመዝናለሁ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ወናፍ ፊት የጨረሱ ናቸው። ከሌሎች አንጥረኞች ጋር ተደራጅተው የመሥሪያ ሼድ ሊሰጣቸው ነበር፤ ሊቀመንበሩ እሳቸው ስለሆኑ የብቃት ወረቀቱን ካላመጡ ሼዱ ለሌላ ማኅበር ያልፋል።

በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ይግቡ ብላቸውም አይገቡም። ዓይን አፋርነት መስሎኝ ነበር። በዚያ አገር አንጥረኛ የሰው ቤት ዘው ብሎ እንደማይገባ፣ ቢገባም ደስ የማይለው እንዳለ በጆሮዬ የነገረችኝ የንብረት ክፍሏ ሴት ናት። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። በዚህ ሥራዬ ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

ሥራው የገጀራ ስለት ማጠንከር ነው። መጀመሪያ እኔ በሠንጠረዡ መሠረት ሠርቼ አሳየሁ፤ ውሃ ውስጥ ስነክረው ስለቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሽማግሌው ስንጥቁን በጥፍራቸው ዳበስ አደረጉት።

ተራቸው ሲደርስ፣ "መምህር፣ መስኮቱን እንዝጋው" አሉኝ።

"ለምን?"

"በፀሐይ ብረት ይዋሻል። ቀይ ሆኖ ሳለ ጥቁር ይመስላል።"

መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጉ። የማሽኑን ሰዓት ቆጣሪ አልነኩም። ፔዳሉን ረግጠው ስለቱን በመዳቡ መሃል ቀስ እያሉ አሳለፉት፤ የበሰለ ቡና ፍሬ መልክ ሲይዝ አውጥተው ነከሩት። ሞረድ ባሳርፍበት ሳይበላው ተንሸራተተ። እንደዚያ ያለ ስለት እኔ በዕድሜዬ አላወጣሁም። ማሽኑን ካዩት ገና ግማሽ ሰዓታቸው ነበር።

ከዚያ ፎርሙን ገለጥኩ። አንዱ ነጥብ "የሥራ ቦታው በቂ ብርሃን እንዳለው ያረጋግጣል" ይላል። ሌላው "ሰዓት ቆጣሪውን በሠንጠረዡ መሠረት ይሞላል" ይላል። ሁለቱም ባለኮከብ ናቸው፤ ከባለኮከቦቹ አንዱ ከጎደለ ተመዛኙ ወደቀ። ምልክቱን ማድረግ እችል ነበር፤ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ግን ከክልል ኦዲት ይመጣል ተብሏል፣ ዝውውሬም በዚያው ሰሞን ይታያል፤ በስሜ ጥያቄ እንዲነሳ አልፈለግኩም። ደግሞም ደክሞኝ ነበር። ድካም ሰበብ እንደማይሆን አውቃለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ገና ብቁ አይደለም" ብዬ ፈረምኩ።

ስነግራቸው ገጀራውን ተመለከቱ።

"ብረቱስ አለፈ?" አሉኝ።

"ብረቱ አልፏል፣ አባቴ።"

"እኔ ነኝ የወደቅኩት።"

"ተለማምደው ከሦስት ወር በኋላ መምጣት ይችላሉ" አልኳቸው። ምኑን እንደሚለማመዱ አልጠየቁኝም። ገጀራውን ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ማስረጃ ስለሆነ እዚሁ ይቀራል አልኳቸው። የዘጓቸውን መስኮቶች መልሰው ከፍተው ወጡ። አልተመለሱም። ሼዱ ለብሎኬት ሠሪዎች ተሰጠ።

ዝውውሬ በዚያም ዓመት አልተፈቀደም። ሁለት ዓመት ተጨማሪ ቆየሁ። ተማሪዎቼን መስኮት ዝጉ፣ ዓይናችሁን እመኑ እያልኩ አስተማርኩ፤ የሚያወጡት ስለት ደስ ይል ነበር። በምዘና ቀን ግን መስኮቱን ክፈቱ፣ ሰዓት ቆጣሪውንም ለይስሙላ ሙሉት እላቸዋለሁ። ሁሉም አለፉ። መምህሩ ጎበዝ ነው ተባለ። ከማን እንደተማርኩት ለአንዳቸውም አልነገርኩም።