ምች የሚፈራ መድኃኒት

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን የልጅ ልጄን ላቅፍ ገንዳ ውሃ ከተማ ብሄድ፣ ልጄ ከበር አቆመችኝ። «እማዬ፣ ከፀሐይ ነው የመጣሽው። ትንሽ ቀዝቀዝ በይና ትይዢዋለሽ።» ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ ናት፤ ምች ግን ያው ምች ነው። ጥላ ሥር ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ዘይነባ ትዝ ብላኝ ነው።

ያኔ ገና ከሥልጠና የወጣሁ ከታቢ ነበርኩ። ጥቅምት ነው፤ ደጋው በብርድ ሲንቀጠቀጥ እኛ ቆላው ላይ እንቀቀላለን። አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት እያስተኛ ነው ተባለና፣ ሳይዛመት ልድረስ ብዬ ወደ ጎረቤቱ እርሻ በትራክተር ተሳቢ ላይ ሄድኩ። በረዶ የተሞላ የክትባት ሳጥኔን ታቅፌ፣ አቧራና የደረቀ ሰሊጥ እየሸተተኝ፣ አጥንቴ እስኪላላ ተንገጫገጭኩ።

የአጫጆቹ ሚስቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። አንዲት ብቻ ከሣር ዳሷ አልወጣችም። ባሏን ተከትላ ከወሎ የመጣች፣ ዘይነባ የምትባል ናት። መዳህ የጀመረች ልጇን ሰዓዳን አቅፋ በሩ ላይ ቆመችና አላስገባ አለችኝ።

«ፀሐይ ተሸክመሽ መጥተሽ ልጄን አትነኪያትም። ይመሬን የበላብኝ እንዲሁ ከመንገድ የገባ እንግዳ ነው።»

ይመር የበኩር ልጇ ነበር። ኩፍኝ ነው የወሰደባት፤ ለእሷ ግን የገደለው ምች ነው። ምን ብዬ ልሟገታት? እኔም የቆላ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ስንት ጊዜ ከደጅ አቁማኛለች። ችግሩ በረዶው እየቀለጠ ነው፤ መድኃኒቱ ከሞቀ ደግሞ ዋጋ የለውም። ሹፌሩም «ያላ፣ እንሂድ እንጂ» እያለ ጥሩምባውን ይነፋል።

«እኔስ ቀዝቀዝ እላለሁ፤ እሱ ግን እየሞቀበት ነው» አልኳት ሳጥኑን እያሳየሁ።

«እሱ ማነው?»

«መድኃኒቱ ነዋ። እሱም ምች ይፈራል።»

ሳላስበው ከአፌ ያመለጠኝ ነው። ዘይነባ ግን አልሳቀችም። ክዳኑን ከፍታ በረዶው መሃል የተኛውን ብልቃጥ አየችና ፊቷ ላላ። «ውይ ምስኪን፣ በዚህ ሐሩር ይዘሽው ትዞሪያለሽ?» ብላ ሳጥኑን ነጠቀችኝ። ከዳሱ ውስጥ፣ ከውሃ ጀሪካኑ ጎን አስቀምጣ እርጥብ ጆንያ አለበሰችው። «በይ፣ ሁለታችሁም እረፉ» አለችና ለእኔም ውሃ በጣሳ ሰጠችኝ። ሹፌሩ ቢጮህ ማን ሰምቶት። ላቤ ሲደርቅ በእጇ ግንባሬን ዳሰሰችና የሰዓዳን ክንድ ገለጠችልኝ። ልጅቱ ስታለቅስ «አብሽሪ እናቴ፣ አብሽሪ» እያለች እሷም አብራ አለቀሰች።

ትኩሳት ሊኖር እንደሚችል ነግሬያት ብመጣም ጭንቀት ያዘኝ። ልጅቱን ካተኮሳት «ምች ያመጣችብኝ ያቺ ናት» ብትልስ? ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር ልጇን የምትሰጠኝ እናት አላገኝም።

አጨዳው ሲያበቃ ገበያ ላይ አገኘችኝ። ሰዓዳ ጀርባዋ ላይ ሆና ብስኩት ትመጥጣለች። «ትንሽ አተኩሷት ነበር፤ ነግረሽኝ የለ፣ ቻልኩት» አለችኝ። ኩፍኙ እነሱ እርሻም ደርሶ ነበር፤ ሰዓዳን ግን አልነካትም። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ አቀፍኳት። እሷም ጆሮዬ ሥር፣ ቀስ ብላ፣ «ለይመሬም እንዲህ መጥተሽለት ቢሆን» አለችኝ።

ብስኩት የያዘችውን የሰዓዳን እጅ ሳምኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጅ ከትቤያለሁ። ዛሬ መንገድ ላይ ጎረምሶቹ «እኔንም እኮ ወግተውኛል» እያሉ ክንዳቸውን ያሳዩኛል። እኔም እመርቃቸዋለሁ እንጂ ማን ማን እንደነበረ አላስታውስም። ይመርን ግን፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን ልጅ፣ አንድም ቀን አልረሳሁትም።